የባለቤቴ የመጀመሪያው አያት ከእንግሊዝ የት ነው የመጣው?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። የአባቱ ዘመዶች ከማሳቹሴትስ ናቸው። ‹የመጀመሪያው አያታችን በ1630ዎቹ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ከእንግሊዝ መጣ› ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የዘር ሐረግ ደግሞ ሰውየውን የሳፎክ ባላባት ልጅ ያደርገዋል። የቤተሰብ ጋሻና ዓርማ ሳይቀር ተለጥፎበታል። ልጃችን የሁለቱንም ወገን ዘሯን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። በእኔ በኩል አባቴ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮልኛል። የባለቤቴን ወገን ግን እንዴት ላረጋግጥ? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣

የባለቤትዎ ዘመዶች የሚሉት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ከ1620 እስከ 1640 ባለው ጊዜ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ እንግሊዛውያን ማሳቹሴትስ ወደምትገኝበት የአሜሪካ ክፍል፣ ወደ ኒው ኢንግላንድ ተሻግረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት።) ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ነው የሄዱት። ስለዚህ በ1630ዎቹ መጣ የሚለው ወሬ አያስገርምም። የባላባቱን ልጅነት ግን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ሰውየውን አሜሪካ ውስጥ ሳይጨርሱት ባሕሩን አይሻገሩ። ኢንተርኔት ላይ የሚያዩዋቸው የተሳሳቱ የዘር ሐረጎች አብዛኞቹ የተሠሩት በአንድ መንገድ ነው። አንድ ሰው ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ስም ያገኛል። እንግሊዝ ውስጥ ያንኑ ስም ይፈልጋል። ያገኘዋል፤ ምክንያቱም ስሙ እዚያም ሞልቷል። ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ሌላው ሰው ይገለብጠዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ መቶ ሰው ስለጻፈው ብቻ እውነት ይመስላል።

ከባለቤትዎ ይጀምሩና አንድ አንድ ትውልድ እያሉ ወደ ኋላ ይሂዱ። በእያንዳንዱ አባትና ልጅ መካከል ዝምድናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልግዎታል። እስከ 1880 ድረስ ብዙም አይከብድም። የ1880ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ለአባወራው ምኑ እንደሆነ ይጽፋል። የ1850ው የሁሉንም ስም ይዘረዝራል፤ ዝምድናቸውን ግን አይናገርም። ከ1790 እስከ 1840 ባሉት ቆጠራዎች ደግሞ ስሙ የሚጻፈው የአባወራው ብቻ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ቁጥር ናቸው።

ብዙ የዘር ሐረግ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። ከአሜሪካ አብዮት በኋላ የማሳቹሴትስ ወጣቶች መሬት ፍለጋ ወደ ቨርሞንት፣ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ኦሃዮ ሄደዋል። አንድ ልጅ በማሳቹሴትስ መንደር ሲወለድ ይመዘገባል። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ያው ስም ያለው ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ ሚስትና ልጆች ይዞ ይታያል። ያው ሰው ይሁን ሌላ፣ ስሙ አይነግረንም። ሰዎች 1630ዎቹ ላይ ለመድረስ ሲቸኩሉ ይህን ክፍተት ዘለው ያልፉታል። እርስዎ ግን ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ቅኝ ግዛቱ ገና በ1639 ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገብ አዝዟል። የብዙ ከተሞች መዝገብ እስከ 1850 ድረስ ያለው ታትሟል። የኑዛዜና የመሬት ሽያጭ መዝገቦች በየካውንቲው አሉ። ፋሚሊ ሰርች በሚባለው ድረ ገጽ የብዙዎቹን መጽሐፎች ፎቶ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ቦስተን ውስጥ በ1845 የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የዘር ሐረግ ማኅበር ደግሞ እስከ 1640 የመጡትን ሰፋሪዎች አንድ በአንድ የሚያጠና ትልቅ ፕሮጀክት ከ1988 ጀምሮ አካሂዷል። የባለቤትዎ አያት በእውነት በ1630ዎቹ ከመጣ፣ መጀመሪያ መፈለግ ያለብዎት እዚያ ነው። ትውልድ ቦታው ካልተረጋገጠም አልታወቀም ብለው በግልጽ ያስቀምጡታል። እኔ በጣም የምወድላቸው ይህን ነው።

አሁን በደንብ የተመረመረ አንድ ቤተሰብ ላሳይዎት። የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ነው።

ሊንከን ስለ ዘሩ ከአያቱ አልፎ ብዙ አያውቅም ነበር። በ1859 አጭር የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፣ አያቱ ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ እንደሄደ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ከፔንሲልቬንያ በርክስ ካውንቲ እንደመጡ ገለጸ። ማሳቹሴትስ ውስጥም ሊንከን የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ለማገናኘት ተሞክሮ እንደነበር ጻፈ። የተገኘው ግን የስም መመሳሰል ብቻ ነው አለ፤ በሁለቱም ወገን ሄኖክ፣ ሌዊ፣ ሞርደካይ፣ ሰለሞን፣ አብርሃም የሚባሉ መኖራቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረም። ጽሑፉ ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያገለግል ነበር፤ ማሳመር ይችል ነበር። አላደረገውም። እነዚህ ስሞች የብሉይ ኪዳን ስሞች ናቸው። የኒው ኢንግላንድ ፒዩሪታኖች (ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) ልጆቻቸውን ብዙ ጊዜ በእነሱ ነበር የሚጠሩት። ስለዚህ ምንም አያስረዱም።

ዝምድናው በኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ። ያገናኘው መሬት ነው። ሞርደካይ ሊንከን የሚባል ሰው በ1736 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሞተ። በኑዛዜው ለበኩር ልጁ ለጆን ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለውን 300 ኤከር መሬት ተወለት። ጆን ያንን መሬት በ1748 ሸጠው። ኋላም ወደ ቨርጂኒያ ሄደ። የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት ይህ ጆን ነው። ወደ ላይ ስንሄድ፣ ኑዛዜውን የጻፈው ሞርደካይ የማሳቹሴትስ ሰው ነበር። የአባቱም ስም ሞርደካይ ነው፤ በ1727 ሞቶ በኑዛዜው ልጆቹን በስም ጠርቷል። የዚህኛው አባት ደግሞ ሳሙኤል ሊንከን ነው፤ ከእንግሊዝ የመጣው እሱ ነው። ከፕሬዚዳንቱ ወደ ላይ ስድስተኛው ትውልድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ፕሬዚዳንቱ ቤተሰቡ ከበርክስ ካውንቲ ነው ስላለ፣ የ1736ቱን ኑዛዜ በርክስ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። በርክስ የተቋቋመው በ1752 ነው። ከዚያ በፊት ቦታው በፊላደልፊያ ካውንቲ ሥር ነበር። ወረቀቱም የቀረው ፊላደልፊያ ነው። እርስዎም አንድ መንደር ባገኙ ቁጥር በዚያ ዓመት በየትኛው ካውንቲ ሥር እንደነበር መጀመሪያ ይጠይቁ። «ጠፍቷል» የሚባለው ሰነድ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ካውንቲ ተቀምጦ ነው የሚገኘው።

ወደ ሳሙኤል እንመለስ። የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር አብዛኛው ጠፍቷል። ከለንደን የተነሱት የ1635ቱ ዝርዝር በሰፊው ተርፏል፤ ከሌሎች ወደቦች ግን የቀሩት ቁርጥራጮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የ1637ቱ የያርማውዝ መዝገብ ነው። ፍራንሲስ ሎውስ የሚባል የኖሪች ሸማኔ ከሚስቱ፣ ከልጁና ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር ለመሄድ ይመዘገባል። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳሙኤል ነው። የአባት ስሙ የተጻፈው «ሊንኮርን» ተብሎ ነው። ዕድሜው 18 ይላል።

በኖርፎክ በምትገኘው ሂንግሃም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ግን ሳሙኤል የተጠመቀው በኦገስት 1622 ነው። ስለዚህ ሲሳፈር ገና ወደ 15 ዓመቱ ነበር። ስሙም ዕድሜውም አይገጥምም። ታዲያ ያው ሰው መሆኑ በምን ታወቀ? በዙሪያው ባሉት ሰዎች። ከእንግሊዟ ሂንግሃም ብዙ ሰው ተሰድዶ በማሳቹሴትስ ሌላ ሂንግሃም መሥርቷል፤ ቄሱ ሮበርት ፔክም በኋላ ተከትሏቸዋል። የከተማዋ ጸሐፊ የነበረው ዳንኤል ኩሺንግ ከእንግሊዝ የመጡትን ሰዎች ስም ጽፎ አስቀምጧል። የሳሙኤል ታላላቅ ወንድሞች ቶማስና ዳንኤል እዚያው ነበሩ። ሳሙኤልም እዚያው ከእነሱ ጋር ኖረ። መንደሩ፣ ወንድሞቹ፣ የሽመና ሙያው ሲገጥሙ የፊደልና የዕድሜ ልዩነቱ አያሳስብም። በዚያ ዘመን ፊደል የሚቆጥር አልነበረም። ዕድሜም በግምት ነበር የሚነገረው።

ሦስት ወንድማማቾች እንደነበሩ አስተዋሉ? በእኛ ሙያ «ሦስት ወንድማማቾች መጡ» የሚል ወሬ ስንሰማ እንጠራጠራለን። በብዙ የአሜሪካ ቤተሰብ ዘንድ ይነገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን የማይዛመዱ ቤተሰቦች ለማገናኘት የተፈጠረ ነው። በሊንከኖች ላይ ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የባለቤትዎን ዘመዶች ወሬ አይጣሉት። አይመኑትም። ይመዝግቡት፤ ማን ለማን እንደነገረው ጭምር።

ስለ ተመሳሳይ ስም ካነሳን፣ ይህቺው የማሳቹሴትስ ሂንግሃም በአንድ ዘመን አራት ቶማስ ሊንከን ነበሯት። ጸሐፊዎቹ በሥራቸው ነበር የሚለዩዋቸው፦ ሸማኔው ቶማስ፣ ባለ ወፍጮው ቶማስ፣ በርሜል ሠሪው ቶማስ፣ ገበሬው ቶማስ። አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ አራት ካሉ፣ እንግሊዝ ሙሉ ስንት ይኖራል? ስለዚህ ሙያውን፣ የሚስቱን ስም፣ የጎረቤቶቹን ስም ሁልጊዜ ይያዙ። «ጁኒየር» እና «ሲኒየር» የሚለውን ደግሞ ልጅና አባት ብለው እንዳይተረጉሙት ይጠንቀቁ። ያኔ በአንድ ከተማ ስማቸው አንድ የሆነ ታናሽና ታላቅ ሰዎችን ለመለየትም ይጠቀሙበት ነበር፤ አጎትና የወንድም ልጅ ወይም ጭራሽ የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሳሙኤል አባት ኤድዋርድ ባላባት አልነበረም። የኤድዋርድ አባት ሪቻርድ መሬትና ንብረት ነበረው፤ ግን ሀብቱን ለኋለኛይቱ ሚስቱ ልጆች አወረሰ። ኤድዋርድ ባዶ እጁን ቀረ። ልጆቹ ሸማኔ የሆኑትና ባሕር የተሻገሩት ከዚህ በኋላ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ታሪክ ከማንኛውም ጋሻና ዓርማ ይበልጥብኛል፤ ሰዎቹ ለምን አገር ጥለው እንደሄዱ ይናገራልና።

አሜሪካ ያለው ሲያልቅ እንግሊዝ ውስጥ ምን ይፈለጋል? የመጀመሪያው የሰበካ መዝገብ ነው። ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲጻፍ የታዘዘው በ1538 ነው። ሁሉም አልተረፈም። ቅጂው በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ ስለነበር፣ ዋናው ከጠፋ ቅጂውን ይጠይቁ። ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመክርዎት፣ ኑዛዜ ነው። የሄደው ሰው ኑዛዜ ስለ እንግሊዝ ብዙም አይናገር ይሆናል። እዚያ የቀረችው እናቱ፣ አጎቱ፣ ልጅ የሌላት አክስቱ ግን «በኒው ኢንግላንድ ላለው ወንድሜ» ወይም «ባሕር ማዶ ላለው ልጄ» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ካገኙ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰየመበት ጆን ሃርቫርድ የት እንደተወለደ እስከ 1880ዎቹ የሚያውቅ አልነበረም። ሰውየው በ1637 መጣ፤ በ1638 ሞተ። ልጅ አልነበረውም። የንብረቱን ግማሽና ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍቱን ለኮሌጁ ተወ። ሄንሪ ዋተርስ የሚባል ተመራማሪ በቦስተኑ ማኅበር ተልኮ እንግሊዝ ሄደና ኑዛዜዎችን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። በ1885 ውጤቱን አሳተመ። ጆን የለንደኑ ሳውዝዋርክ ሥጋ ሻጭ የሮበርት ሃርቫርድ ልጅ ነበር። በ1625 ወረርሽኝ አባቱና አብዛኞቹ ወንድሞቹና እህቶቹ አለቁ። እናቱ ካትሪን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አገባች። በኑዛዜዋ ልጇን ጆንን ስትጠራ የራሷ ስም ሃርቫርድ አልነበረም፤ የሦስተኛው ባሏ ስም ነበር። ሃርቫርድ የሚለውን ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የእሷን ኑዛዜ አልፎት ይሄዳል። በጥምቀት መዝገቡ ላይ ደግሞ ልጁ «ሃርቪ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሴቶቹን ይከተሉ የምልዎት ለዚህ ነው። እናቶችና አክስቶች ስማቸው ይቀየራል፤ ዝምድናውን የሚጽፉት ግን እነሱ ናቸው።

በደቡብ እንግሊዝ ንብረት የነበራቸው ሰዎች ኑዛዜ እስከ 1858 ድረስ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ይጸድቅ ነበር። ዛሬ ለንደን ውስጥ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው፤ በኢንተርኔትም ይፈለጋል። የትንንሾቹ ሰዎች ኑዛዜ በየአውራጃው ነው። የሳፎክ ከሆነ ኢፕስዊች፣ የኖርፎክ ከሆነ ኖሪች፣ የኤሴክስ ከሆነ ቸልምስፈርድ። የዴቨን ሰው ከሆነ ግን ይከብዳል። ኤክሰተር ውስጥ የነበሩት ኑዛዜዎች በ1942 በቦምብ ተቃጥለዋል።

አንድ ነገር ላይ እርስዎ ከብዙ አሜሪካውያን ይሻላሉ፤ የዘመን አቆጣጠር። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። እኛ ዓመቱ በጃንዩወሪ የማይጀምርበት አቆጣጠር ስላለን ወዲያው ይገባናል። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ የሞርደካይ ኑዛዜ የተጻፈበት ቀን ፌብሩወሪ 22፣ 1735/6 ተብሎ ይጠቀሳል። በእነሱ አቆጣጠር ገና 1735 ነው፤ በዛሬው 1736 ነው። «በመጀመሪያው ወር» የሚል ካዩም ማርች ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ልጅን ከእናቱና ከአባቱ ጋብቻ በፊት የተወለደ ያስመስለዋል፤ ወይም ሰውየው ከሞተ በኋላ ኑዛዜ ያስጽፈዋል። ቀኑን እንዳለ ይገልብጡ። ራስዎ አያስተካክሉት።

ወደ ባላባቱ ልጅ እንምጣ። ጋሻና ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና በወንድ በኩል ለሚወርዱ ልጆቹ ነው። ለአባት ስም አይሰጥም። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ዓርማው የባለቤትዎ ነው ማለት አይቻልም። በ19ኛው መጨረሻና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሀብታም አሜሪካውያን የከበረ ዘር በገንዘብ ይገዙ ነበር። ጉስታቭ አንጁ የሚባል ሰው በመቶ የሚቆጠሩ የሐሰት የዘር ሐረጎችን እየሠራ ሸጧል፤ የሌሉ ኑዛዜዎችን ሁሉ ይጠቅስ ነበር። የእሱ ሥራ እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ እየተገለበጠ ነው። የእርስዎ የሳፎክ ባላባት በእውነት ከነበረ ቤተሰቡን የዓርማ መርማሪዎቹ (በየአውራጃው እየዞሩ ባለ ዓርማ ቤተሰቦችን የሚመዘግቡ ሹማምንት) መዝግበውት ይሆናል። ግን የባላባቱ ልጅ መኖሩ አይበቃም። ማሳቹሴትስ መሄዱን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የቀብር መዝገቡን ስናይ ያ ልጅ እዚያው ሳፎክ በሕፃንነቱ ተቀብሮ እናገኘዋለን።

የዘረመል ምርመራ ይረዳል ወይ ብለው ካሰቡ፣ ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይረዳም። አሥር ትውልድ ወደ ላይ ባለው ደረጃ ላይ አንድ ሰው 1,024 አያቶች አሉት፤ ከብዙዎቹ ምንም አልወረሰም። ባለቤትዎ ስሙን የያዘው በአባት በአባት ከሆነ ግን የወንድ መስመሩን የሚያየው ምርመራ ከሌላ ተመሳሳይ ስም ካለው ቤተሰብ ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር፤ ልጅዎን ስለጠቀሱ ነው። የድሮ ኑዛዜና የንብረት ቆጠራ ሲያነቡ ከላምና ከአልጋ ጋር የሰው ስም ተጽፎ ሊያገኙ ይችላሉ። ማሳቹሴትስ ባርነትን በ1641 በሕግ ፈቅዳለች። በ1638 ከካሪቢያን አፍሪካውያንን ጭና የመጣች መርከብም ነበረች። የአገሬው ተወላጆችም በባርነት ተይዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ አይዝለሉት። ስሙን፣ ዓመቱን፣ ሰነዱ ያለበትን ቦታ ጽፈው በግልጽ ያስቀምጡት። የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ዛሬ አያቶቻቸውን እየፈለጉ ነው። በደቡብ ባሮች የነበሩት በሙሉ በስም የተቆጠሩት ገና በ1870 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አንድ ስም ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ለልጅዎም ሁለቱንም ይንገሯት። ትረዳለች።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ከባለቤትዎ በዕድሜ ትልቁን ዘመድ ያነጋግሩ፤ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የድሮ ፎቶ፣ የመቃብር ቦታ ካለ ይጠይቁ። ከዚያ እስከ 1850 ድረስ ያለውን በሰነድ ይሙሉ። ከ1850 ጀርባ ያለውን የመጨረሻ አባወራ ስም፣ የሚስቱን ስም፣ ሙያውንና የኖረበትን ከተማ ይዘው እንደገና ይጻፉልኝ። ከዚያ የት ካውንቲ፣ የትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደሚፈልጉ አብረን እናያለን።